ጥፋቱ የሠራተኛው፣ ካሣው የአሠሪው፦ ሠራተኛ ጉዳት ሲያደርስባችሁ አሠሪውን የመጠየቂያ መንገድ

ሠፈራችን ውስጥ አንድ ሕንጻ ይሠራ ነበር። ከአጠና መወጣጫው ሥር ሽንኩርትና ቲማቲም በጉልት የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የቀን ሠራተኛ ከአራተኛ ፎቅ ጣውላ ወረወረ። ታች ሰው መኖሩን አላየም። ጣውላው የእትዬን ቀኝ ክንድ ሰበረው።

እኔ ያኔ ሕግ ተመርቄ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ልጠይቃቸው ሄጄ ስለ ካሣ ሳነሳባቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያን ልጅ ከስሼ ምን አገኛለሁ? እሱም እንደኔ ለዕለት ጉርሱ የወጣ ነው። ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ።»

ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ሰው የሚያየው እጁ ላይ ጥፋቱ ያለበትን ነው። ያ ሰው ድሃ ከሆነ ያዝንለትና ይተወዋል። ከኋላው ያለው አሠሪ ትዝ አይለውም። ሕጋችን ግን ይህንን አስቦበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2130 ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። አሠሪው ድርጅት ሲሆን ደግሞ አንቀጽ 2129 አለ። አሠሪው በግሉ ምንም ባያጠፋም ይከፍላል። «ሠራተኛውን ተጠንቅቄ ነው የቀጠርኩት» ማለት አያድነውም። ሥራው ሲያተርፍ የሚያተርፈው እሱ ነው። ሥራው ሰው ሲጎዳም ጣጣው ወደ እሱ ይመጣል።

ይህን ሳስረዳቸው እትዬ ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ አሠሪውንም አብረን ከሰስን። እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን እንነሳ።

አንደኛ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰበሰብ ማስረጃ

ሕክምናው ይቀድማል። ነገር ግን ለሐኪሙ ምን እንዳላችሁ አስተውሉ። እትዬ ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ አብሯቸው የነበረ ሰው ተጣድፎ «ወድቀው ነው» ብሎ ተናግሯል። ካርዱ ላይም በእንግሊዝኛ የወደቁ ተብሎ ተጻፈ። ይህች አንዲት ቃል ብዙ ወራት አደከመችን። የተከሳሽ ጠበቃ በየቀጠሮው እሷን ይዞ ይነሳ ነበር። ስለዚህ «ከሕንጻ ላይ ጣውላ ወድቆብኝ»፣ «የድርጅት መኪና ገጭቶኝ» ብላችሁ የሆነውን ንገሩ። መጻፉንም ጠይቁ።

በዚያው ቀን ለፖሊስ አመልክቱ። የመኪና አደጋ ከሆነ የትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣና ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሳያነሳ መኪናው ከቦታው እንዳይነሳ ለምኑ። ሰው የሚነሳው ግን ወዲያው ነው፤ ፕላን እስኪነሳ ተብሎ የተጎዳ ሰው መንገድ ላይ አይተኛም።

ከዚያ ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ። ግንባታ ከሆነ አጥሩ ላይ ያለውን ታፔላ እንዳትረሱ፤ የባለቤቱ፣ የሥራ ተቋራጩና የአማካሪው ስም እዚያ ላይ ይገኛል። መኪና ከሆነ ታርጋውን፣ በሩ ላይ የተጻፈውን የድርጅት ስም፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር አንሱ። ሠራተኛው የለበሰው ቱታ ወይም ሄልሜት ላይ ጽሑፍ ካለ እሱም ይነሳ።

የምስክሮችን ስምና ስልክ ያኔውኑ መዝግቡ። የቀን ሠራተኛ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሌላ ሳይት ነው። ከወር በኋላ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ሁለተኛ፦ አሠሪው ማን ነው?

ቀላል ይመስላል። ብዙ ክስ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው።

ፎርማኑን ስናነጋግረው «እኛ ጋ የሚሠራ ልጅ አይደለም» አለን። ተቋራጩ ቢሮ ስንሄድ ደግሞ «የፎርምወርክ (የኮንክሪት መሙያ ጣውላ) ሥራውን ለሌላ ሰው በቁርጥ ሰጥተናል፤ እሱን ጠይቁ» ተባልን። ይህ መልስ ዝም ብሎ የተባለ አይደለም። አንቀጽ 2134 ላይ የቆመ ነው። ሥራ የሰጣችሁት ሰው ከእናንተ ትእዛዝ ሥር ካልሆነና ሥራውን በራሱ ነጻነት የሚሠራ ከሆነ፣ እሱ ለሚያጠፋው እናንተ አትጠየቁም። ቤቴን ቀለም ቀባልኝ ብላችሁ የተዋዋላችሁት ባለሙያ የራሱን ብሩሽ ይዞ፣ በራሱ ሰዓት መጥቶ፣ በራሱ ዘዴ ሲሠራ የጎረቤት መስታወት ቢሰብር ተጠያቂው ራሱ ነው።

ዋናው የውሉ ስም አይደለም። ወረቀቱ ላይ «ኮንትራት» ቢባልም ፍርድ ቤት የሚያየው ሥራው መሬት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ነው። እነዚህን ጠይቁ፦ ጠዋት ሥራ የሚያከፋፍለው ማን ነው? «ይህን ተወው፣ ያንን ሥራ» ማለት የሚችለው ማን ነው? መሣሪያው የማን ነው? ደመወዙ በቀን ነው ወይስ ሥራው ሲያልቅ? ማባረር የሚችለውስ ማን ነው? እኛ ያገኘነው መልስ ሁሉ ወደ ተቋራጩ የሚመራ ነበር። ልጁ የቀን ሒሳቡን የሚቀበለው ተቋራጩ ከመደበው ገንዘብ ከፋይ ነው። የቁርጥ ሠራተኛ የተባለው ሰው ራሱ ጠዋት ጠዋት ከፎርማኑ ትእዛዝ ይቀበላል። አጠናውም ጣውላውም የተቋራጩ ነው።

አጥፊው የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ መንገዱ ትንሽ ይለያል። አንቀጽ 2126 እና 2127 የሥራ ጥፋትንና የግል ጥፋትን ይለያሉ። ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እንደሚሠራ በቅን ልቦና አምኖ ያጠፋው የሥራ ጥፋት ነው። ለዚያ መንግሥትን መጠየቅ ይቻላል። የግል ጥፋት ከሆነ ግን የሚጠየቀው ሠራተኛው ብቻ ነው።

መኪናን በተመለከተ አንድ አቋራጭ አለ። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። መኪናውን የነዳው ሰው ፈቃድ ባይኖረውም እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ባለቤቱ የሚያመልጠው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ስለዚህ ሲኖትራክ ወይም የድርጅት ፒካፕ ገጭቷችሁ ከሆነ በሾፌሩና በድርጅቱ መካከል ስላለው ግንኙነት ብዙ ከመጨቃጨቅ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ አጣሩ። ክሱን በሁለቱም አንቀጾች፣ በአሠሪነቱም (2130) በመኪና ባለቤትነቱም (2081)፣ አቅርቡት፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይይዛል። ለእትዬም እንዲሁ አድርገን ነበር። ከሕንጻ ላይ ለሚወድቅ ነገር ሕንጻውን የያዘው ሰው ኃላፊ የሚሆንበትን ድንጋጌ በአማራጭ ጠቅሰናል።

ሦስተኛ፦ ጉዳቱ የደረሰው «ሥራውን ሲያከናውን» ነው ወይ?

ጉዳዩ የሚወሰነው እዚህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ሕጉ አንድ ግምት ይወስድላችኋል። ሠራተኛው ዘወትር በሚሠራበት ቦታ ወይም በሥራ ሰዓቱ ጉዳት ካደረሰ፣ ሥራውን ሲያከናውን እንዳደረሰው ይቆጠራል። አንቀጽ 2132 ነው። እናንተ ቦታውን ወይም ሰዓቱን ታስረዳላችሁ። «አይ፣ በሥራው ላይ አልነበረም» የሚል አሠሪ ያንን የማስረዳት ሸክም የራሱ ነው። ይህ ለተጎጂ ትልቅ እፎይታ ነው።

አሠሪዎች በብዛት የሚያነሱት «ከልክዬው ነበር» የሚለውን ነው። የእኛም ተከሳሽ ከላይ ዕቃ መወርወር የተከለከለ መሆኑን የሚያሳይ ማስታወቂያ አቅርቦ ነበር። አንቀጽ 2131 ለዚህ መልስ አለው። ሠራተኛው ድርጊቱን የፈጸመው ሥራውን ለመሥራት ብሎ ከሆነ፣ ከሥልጣኑ ማለፉ ወይም መከልከሉ ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው ተጎጂው ክልከላውን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ነው። ልጁ ጣውላውን የወረወረው ለጨዋታ አይደለም። ፎርምወርክ አፍርሶ ጣውላውን ወደ መሬት ማውረድ የዕለት ሥራው ነው። በገመድ ማውረድ ሲገባው ወረወረው። ሥራውን በመጥፎ መንገድ ሠራ እንጂ ከሥራው አልወጣም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጠርዝ ተመልከቱ። አንቀጽ 2133 እንደሚለው ሥራው ለአጥፊው አጋጣሚ ብቻ ከሆነለት አሠሪው አይጠየቅም። የአንድ ሱቅ ሠራተኛ ከድሮ ጀምሮ ቂም የያዘበት ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲመጣ አይቶ ቢደበድበው፣ ሱቁ አጋጣሚ ሆነ እንጂ ድብደባው የሱቅ ሥራ አይደለም።

ጥበቃስ? አንድ የሕንጻ ጥበቃ ተራ የጣሰ ሰው ለማስወጣት ሲል ገፍትሮ ጥርሱን ቢሰብረው፣ በእኔ እምነት አሠሪው ይጠየቃል። ሰው ማስወጣት የተቀጠረበት ሥራ ነው። ኃይል በዛበት እንጂ ሥራውን እየሠራ ነበር። ያው ጥበቃ ከሥራ ሰዓት ውጭ መጠጥ ቤት ውስጥ ቢጣላ ግን አሠሪውን የሚያገኘው ምንም ነገር የለም። በእነዚህ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው ክርክር የሚበዛው። ስለዚህ ምስክር ስትመርጡ «መታው» የሚል ብቻ አይበቃም። ከመምታቱ በፊት ምን እየሠራ እንደነበር፣ ምን እያለ እንደነበር የሚናገር ምስክር ፈልጉ። «ከዚህ ውጣ፣ አለቃ አይቆምም ብሏል» እያለ ነበር ወይስ «ያን ቀን ያደረግኸኝን ረሳኸው?» እያለ? አንዲት ዓረፍተ ነገር መዝገቡን ወዲያና ወዲህ ትወስደዋለች።

አራተኛ፦ የሠራተኛው ኃላፊነት

አጭር ነው፣ ግን አይዘለልም። አሠሪው የሚጠየቀው ሠራተኛው ራሱ በሕግ ኃላፊ ሲሆን ነው። ስለዚህ በክሱ ላይ የሠራተኛው ጥፋት ምን እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ፦ ሳያይ ወረወረ፣ ያለ ፍሬቻ ታጠፈ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይሸፍን ሄደ። አሠሪው በራሱም ያጠፋው ነገር ካለ ጨምሩበት። ከሕንጻው ሥር መከላከያ መረብ አለመዘርጋቱ የተቋራጩ የራሱ ጥፋት ነበር።

«ማን እዚያ ቁጭ በይ አላት?» መባሉም አይቀርም። ተባልንም። ተጎጂው በራሱ ጥፋት ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሣው ሊቀነስ ይችላል። እኛ እትዬ ግንባታው ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት እዚያ ቦታ ይሸጡ እንደነበርና ቦታው በገመድ እንኳ እንዳልታጠረ በምስክር አስረዳን።

አምስተኛ፦ ጉዳቱን በብር መተመን

ፍርድ ቤት ስላዘነላችሁ አይከፍላችሁም። ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው የሚሆነው፤ ጉዳቱን የምታስረዱት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

የሕክምና፣ የመድኃኒት፣ የታክሲና የራይድ ወጪ ደረሰኙ ይቀመጥ። የአካል ጉዳት ከቀረ የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ስንት እንደሆነ እንዲወስን አድርጉ። ያ ቁጥር ለወደፊት ለሚቀር ገቢ ስሌት መነሻ ነው።

ከባዱ የገቢ ማስረጃ ነው። ደመወዝተኛ የደመወዝ ደብዳቤ ያመጣል። ጉልት የሚሸጥ ሰው ምን ያምጣ? እዚህ ላይ እትዬን ያዳነቻቸው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ናት። ማታ ማታ በአንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር የዕለቱን ሽያጭና የዱቤ ሰዎችን ስም ትጽፍላቸው ነበር። በእርሳስ፣ በተጣመመ መስመር። «ሽንኩርት 12 ኪሎ፣ ቲማቲም 8፣ የደላላው ሚስት ዱቤ።» ያ ደብተር ከማንኛውም ምስክር በላይ ተናገረ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስረዳት በማይቻልበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ግምት፣ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ይፈቅድለታል። ቢያንስ አብረው የሚሸጡትን ሰዎች ምስክር አድርጉ።

ሰው ሞቶ ከሆነ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ ለመተዳደሪያቸው ካሣ መጠየቅ ይችላሉ።

የሞራል ካሣን በተመለከተ እውነቱን ልንገራችሁ። አንቀጽ 2116 ጣሪያውን 1,000 ብር ላይ አስቀምጦታል። በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልጇ ለሞተባት እናት 1,000 ብር ሲፈረድላት ችሎት ውስጥ ቁጭ ብሎ መስማት ያማል። ይህ ሕግ መሻሻል አለበት። እስከዚያው ግን ጉልበታችሁን ሁሉ በቁሳዊ ጉዳቱ ማስረጃ ላይ አውሉት።

ስድስተኛ፦ «እዚህ ጋ ፈርሚ»

አደጋው በደረሰ በአራተኛው ቀን አንድ ሰው ብርቱካንና ፖስታ ይዞ ወደ እትዬ ቤት መጣ። ፖስታው ውስጥ ጥቂት ሺህ ብር፣ ከሱ ጋር ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት። ወረቀቱ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። ልጃቸው «እማዬ፣ ቆይ ላንብበው» ብላ ባታስቆማቸው ኖሮ በግራ እጃቸው ጣት ሊፈርሙ ነበር።

ሽምግልናን አልጠላም። ብዙ ጉዳይ በእርቅ ቢያልቅ የተሻለ ነው። ነገር ግን ሕክምናው ሳያልቅ፣ የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ አትፈርሙ። ለሕክምና የሚሰጣችሁን ገንዘብ ብትቀበሉ «ለሕክምና ወጪ የተከፈለ ቅድሚያ» ተብሎ ይጻፍ። «ሙሉ ካሣ» ወይም «ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል አይኑርበት።

ሰባተኛ፦ ክሱን መክፈት

ከሁሉ በላይ ቀኑን ቁጠሩ። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ አንቀጽ 2143። ድርጊቱ ወንጀልም ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ሊሠራላችሁ ይችላል። በዚህ ግን አትደገፉ። «የወንጀሉ መዝገብ ይለቅ» እያሉ ሲጠብቁ ሁለት ዓመት ያለፈባቸው ሰዎች አሉ። መጠበቅ አያስፈልግም። ሠራተኛው በወንጀሉ ነጻ ቢባል እንኳ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ጥፋት አለ ወይስ የለም የሚለውን ሲወስን በዚያ አይታሰርም።

ማንን ትከሱ? ሠራተኛውም ከኃላፊነት አይወጣም፤ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ይጠየቃል። ሁለቱንም መክሰስ ትችላላችሁ። አሠሪውን ብቻ መክሰስም ትችላላችሁ። እትዬ ልጁን እንዳንከስ ለመኑን፤ እኛም ተውነው። ያ ምርጫ ጠቀመን። ልጁ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ፎርማኑ «ቶሎ በሉ» እያለ ሲያጣድፋቸው እንደነበረ፣ ገመዱም ሌላ ሥራ ላይ እንደነበረ ተናገረ።

አዲስ አበባ ላይ የምትጠይቁት ገንዘብ ከ10 ሚሊዮን ብር የማይበልጥ ከሆነ የሚያየው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ክልል ላይ በብዛት ወረዳ ፍርድ ቤት ትጀምራላችሁ። የክስ ማመልከቻውን፣ የማስረጃ ዝርዝሩንና ቃለ መሐላውን ለሬጅስትራር ታቀርባላችሁ። በተከሳሹ እጅ ያለ ሰነድ ካለ፣ ለምሳሌ የቀን ሠራተኞች የክፍያ ዝርዝር፣ ፍርድ ቤቱ አቅርብ ብሎ እንዲያዘው ጠይቁ።

የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በምትጠይቁት ገንዘብ ልክ ነው። መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ክስ ለመመሥረት ማመልከት ይችላል። ከወረዳ የገቢ ማስረጃ ያዙ። በዚህ የሚያፍሩ ሰዎች ገጥመውኛል። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ሕጉ የተጻፈው ለዚሁ ነው።

መኪና ከሆነ የመድን ድርጅቱም ወደ ክርክሩ እንዲገባ ይደረጋል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ ነው፤ ግን የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የባለቤቱ ዕዳ ነው።

አሠሪ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ

የቅጥር ውል ላይ «ሠራተኛው ለሚያደርሰው ጉዳት ድርጅቱ አይጠየቅም» ብሎ መጻፍ ተጎጂውን አያስረውም። እሱ አልፈረመም። ካሣውን ከከፈላችሁ በኋላ ወደ ሠራተኛው ዞራችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ነገር ግን እንዳሻችሁ ከደመወዙ መቁረጥ አትችሉም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ይፈልጋል። ቅነሳውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። በቀን ሒሳብ የሚኖር ልጅ ላይ ደግሞ ይህ መብት ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው። ያ ገንዘብ ለመረብ፣ ለገመድና ለኃላፊነት መድን ቢወጣ ይሻላል።

ከፍርድ በኋላ

ፍርድ ማግኘት ገንዘብ ማግኘት አይደለም። ተከሳሹ በፈቃዱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት አለባችሁ። የባንክ ሒሳቡንና የመኪናውን ታርጋ ቀድማችሁ ብታውቁ ሥራው ይቀላል። በክርክሩ መሃል ከታረቃችሁ ደግሞ ስምምነቱን ፍርድ ቤት አቅርባችሁ በመዝገቡ ላይ አስመዝግቡት። ቤት ውስጥ የቀረ እርቅ ሲፈርስ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው።

የእትዬ ጉዳይ ያለቀው በእርቅ ነው። ልጁ ከመሰከረ በኋላ ተቋራጩ ራሱ ሰው ላከ። ስምምነቱ ችሎት ፊት ጸደቀ፣ ገንዘቡም በሁለት ጊዜ ተከፈለ። ሁለተኛውን ክፍያ የተቀበሉ ዕለት ለማመሳከሪያ አስገብተነው የነበረውን ደብተር ይዘን ወጣን። ማታ ቤታቸው ስሄድ ልጅቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አዲስ ገጽ ገልጣለች። ቀኑን ጻፈች። ከሥሩ «ሽንኩርት፣ ግማሽ ኩንታል» አለች።